ዝርዝር ሳንይዝ የገባንበት ገበያ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ለንግግር ሲነሣ ብዙዎቻችሁ ስለ መዋጮና ስለ ውዝፍ ብድር የምናወራ ይመስላችኋል። አትስጉ፤ የእሱ ሪፖርት ጠዋት ተነቧል። አሁን የምንናገረው ስለ መጽሐፍ ነው፤ እሱም ስለ አሮጌ መጽሐፍ። ነገሩ ከሒሳብ የራቀ ቢመስልም ዞሮ ዞሮ ወደ ሒሳብ መመለሱ አይቀርም፤ ከሰዓት በኋላ ድምፅ የምትሰጡበት ጉዳይ አለበትና።

እንደምታስታውሱት በአዳራሻችን አንድ የመጻሕፍት መደርደሪያ እንዲኖር ወስነናል። ምክንያቱን ማስረዳት አያስፈልግም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆቻችን ቤት ውለዋል። የሚነበብ ነገር በሌለበት ቤት የምትውል ልጅ የተማረችውን ፊደል እንኳ እየረሳች ትሄዳለች። እኛ እናቶቹም ብንሆን ከዕድር ደብተርና ከብድር ውል ሌላ የምናነበው የለንም። መደርደሪያው ይሠራ በሚለው ሁላችንም ተስማምተናል። ያልተስማማነው መጻሕፍቱን ማን ይምረጣቸው በሚለው ነው።

አንደኛው ሐሳብ ለጋሾቻችን በካርቶን ጠቅልለው ይላኩልን የሚል ነው። ሁለተኛው ራሳችን ሄደን እንግዛ የሚል ነው። የዛሬው ንግግራችን ለሁለተኛው ሐሳብ የሚከራከር ነው። ክርክራችንንም የምናመጣው አዲስ አበባ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ካየነው ነው።

ለማኅበሩ የልብስ ስፌት ክፍል ክርና መርፌ ለመግዛት ሦስት ሆነን ወርደን ነበር። ከደብረ ወርቅ ቢቸና፣ ከቢቸና ደጀን፣ ከደጀን የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ አዲስ አበባ መግባት ምን ያህል እንደሚያደክም የማታውቅ የለችም። ግዥው በአንድ ቀን ሲያልቅልን ግማሽ ቀን ተረፈን። በዚያች ግማሽ ቀን ነው አሮጌ መጽሐፍ ስናገላብጥ የዋልነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥበት ቦታ ብዙ ነው። ለገሃር፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ አራት ኪሎ፣ መርካቶ፤ ሰው በሚበዛበት ሁሉ አለ። ፒያሳ የነበሩ ብዙ ሱቆች በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል ተነሥተዋል፤ መጽሐፍ ግን እግር አለውና ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። አንዱ ሻጭ ሱቅ አለው፤ መጻሕፍቱ እስከ ጣሪያ ተቆልለው ለሰው መቆሚያ አይተርፍም። ሌላው መሬት ላይ ሸራ ዘርግቶ ይደረድራል። ሦስተኛው ደግሞ ሱቁ ክንዱ ነው፤ ከእምብርቱ እስከ አገጩ ድረስ መጽሐፍ ቆልሎ በአገጩ ደግፎ ካፌ ለካፌ ይዞራል። አንዱን ከመካከል ምዘዝልኝ ቢሉት ሌላውን ሳይጥል ይመዛል።

እስቲ ስለ ራሳችን ገበያ አስቡ። ሴት ልጅ ገበያ የምትወጣው ዝርዝር ይዛ ነው። በወረቀት ባትጽፈው በልቧ ጽፋዋለች፤ በርበሬ፣ ጨው፣ ዘይት፣ ለልጁ ደብተር፣ ለባለቤቷ የባትሪ ድንጋይ። ዝርዝሩ ውስጥ የእሷ ስም የለበትም። ገንዘቡ ሲያልቅ ዝርዝሩ አያልቅም፤ ከዝርዝሩ ቀድሞ የሚሰረዘውም ለራሷ ያሰበችው ነው። ስለዚህ ከልጅነታችን ጀምሮ ገበያ ወጥተን የገዛነው ሁሉ የሚያስፈልገውን እንጂ የወደድነውን አይደለም።

አሮጌ መጽሐፍ ፊት ስንቆም ግን የያዝነው ዝርዝር አልነበረም። ልንይዝም አንችልም ነበር። አዲስ መጽሐፍ ቤት ሄዶ እገሌ የተባለው መጽሐፍ አላችሁ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። አሮጌ መጽሐፍ ዘንድ ምን እንዳለ ሻጩም ጠንቅቆ አያውቀውም፤ ያመጣለትን ነው የሚሸጠው። አንዱ ቤት ሲቀይር የሸጠው፣ አንዱ ሲሞት ልጆቹ የሸጡት፣ አንዱ ትምህርት ሲጨርስ የሸጠው በአንድ ቁልል ላይ ይገናኛል። የማብሰያ መጽሐፍ በመንፈሳዊ መጽሐፍ ላይ፣ የንብ እርባታ በልብ ወለድ ላይ ተጋድሞ ይገኛል። ስለዚህ የሚሠራው ዓይንና እጅ ነው። አንሥቶ ማየት፣ ገልጦ ሁለት መስመር ማንበብ፣ መልሶ ማስቀመጥ፣ ሌላውን ማንሣት። «ምን ፈለጋችሁ?» ሲሉን «ገና እያየን ነው» ማለት እንዴት ደስ እንደሚል ልንነግራችሁ አንችልም። ጤፍ ገበያ ቆመሽ ገና እያየሁ ነው ብትዪ ማን ይታገሥሻል?

መጻሕፍቱ ራሳቸው የኖሩትን ኑሮ ይናገራሉ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የባለቤቱ ስምና የገዛበት ቀን አለ። አንዱ ለእህቱ ስጦታ የሰጠበትን ቃል ጽፎበታል። አንዱ ባላወቀው ቃል ሥር በእርሳስ አሥምሮ ትርጉሙን ከጎን አስፍሯል። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ያሳተማቸው ልብ ወለዶች አሉ። በዚያው ዘመን ሞስኮ ውስጥ ፕሮግሬስ የተባለው አሳታሚ በአማርኛ እያሳተመ ይልካቸው የነበሩትም እስከ ዛሬ ይገኛሉ፤ ማተሚያ ቤቱ የነበረበት አገር ፈርሶ መጽሐፉ ግን ለገሃር ሸራ ላይ ተቀምጧል።

ከመካከላችን አንዲት እናታችን ነበሩ። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ፣ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። መጀመሪያ ላይ «እናንተ እዩ፣ እኔ እዚህ ልረፍ» ብለው ዳር ይዘው ተቀምጠው ነበር። ትንሽ ቆይተው ተነሡ። ቀጥለው ማገላበጥ ጀመሩ። በመጨረሻ አንድ ጥራዙ የላላ «ፍቅር እስከ መቃብር» አነሡና ለረጅም ጊዜ ገጹን እየገለጡ ቆዩ። ምን እንደሚፈልጉ ስንጠይቃቸው «ዲማን» አሉን። ታሪኩን ልጅ ሳሉ ጎረቤት ቤት ተሰብስበው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተውታል። ዲማ ጊዮርጊስም ለእኛ ጎረቤት አገር ነው። በጆሯቸው የሰሙትን ስም በዓይናቸው ማየት ፈልገው ነው። ሲያገኙትም ጣታቸውን ከቃሉ ሥር አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት።

ከዚያ ዋጋ ጠየቁ። ሻጩ ልጅ ነው፤ «እማማ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው» እያለ ጀመረ። እናታችን የደብረ ወርቅ ገበያ ሰው ናቸው፤ ጥራዙ መላላቱን፣ ሽፋኑ መነደሉን እያሳዩ ቀስ አድርገው አወረዱት። እኛ የማኅበሩን ገንዘብ ስናወጣ ግን እጃችንን ያዙን። «ይኸ የማኅበር አይደለም፤ የኔ ነው» ብለው ከመቀነታቸው ፈትተው ከፈሉ። በመንገድ ላይ ለራሳቸው የገዙት ዕቃ ከዚህ በፊት ምን እንደነበረ አስታውሰው ለመናገር ሞከሩ፤ እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ አልመጣላቸውም።

ስለዚህ መጽሐፍ ጥቂት እንጨምር፤ የእኛም ነገር አለበትና። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ልጅ ናቸው፤ የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን የተማሩት በደብረ ኤልያስ፣ በዚችው በደብረ ወርቃችንና በዲማ ጊዮርጊስ ነው። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። ሰብለ ወንጌልና በዛብህ የተዋወቁት በምንድን ነው? በፊደል ነው። በዛብህ የተቀጠረው ለባላባቱ ልጅ ንባብ ሊያስተምር ነው። ያ ሁሉ ታሪክ የተነሣው አንዲት ልጅ ማንበብ በመማሯ ነው። ይህን የመሰለ መጽሐፍ ደራሲው ከተማረበት ከተማ፣ ከአዳራሻችን መደርደሪያ ላይ መታጣት የለበትም።

አሮጌ መጽሐፍ ሻጭን ልናመሰግን የሚገባን ሌላም ምክንያት አለ። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በንጉሡ ዘመን ከገበያ ተሰብስቧል። አቤም የጎጃም ሰው ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ታገደ፤ ደራሲውም በዓመቱ ደብዛው ጠፋ። ባለሥልጣን የከለከለው መጽሐፍ ከትልልቅ መደብር ሲወጣ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የሚቆየው በአንባቢ ቤትና እንዲህ ባለው ንግድ ነው። ዛሬ ሁለቱም መጻሕፍት በግልጽ ይሸጣሉ።

ከውጭም አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ እንግዶቻችን ያውቁት ይሆናል። በእንግሊዝ ጎረቤት በዌልስ ሄይ-ኦን-ዋይ የምትባል ትንሽ የገበያ ከተማ አለች። ሕዝቧ ወደ 2 ሺህ ገደማ ነው፤ ከደብረ ወርቅ ታንሳለች። ሪቻርድ ቡዝ የተባለ ሰው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እዚያ የአሮጌ መጽሐፍ ሱቅ ከፈተ፤ ሌሎች ተከተሉት፤ ከተማዋ በአሮጌ መጽሐፍ ንግድ በዓለም ታወቀች። ሰውዬው በ1977 እ.ኤ.አ. በቀልድ ራሱን የከተማዋ ንጉሥ ብሎ እስከ ማወጅ ደርሷል። እኛ ንጉሥ አያሻንም። ግን ትንሽ ከተማ የአሮጌ መጽሐፍ ቤት መሆን እንደማያቅታት ከዚህ ይታያል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አሮጌ መጽሐፍ መግዛት ደስታ ብቻ አይደለም፤ ጥንቃቄም ይፈልጋል። ያየነውን በአምስት ነጥብ አቅርበነዋል፤

አንደኛ፣ መጽሐፉ ሙሉ መሆኑን ማየት። የመጀመሪያውን ገጽ፣ የመጨረሻውን ገጽና የመካከሉን ጥራዝ ገልጦ የገጽ ቁጥሩን መከታተል ነው። መጨረሻው የተገነጠለ ልብ ወለድ ገዝቶ መምጣት ሠላሳ ሴት ማጣላት ነው።

ሁለተኛ፣ እርጥበትና ብል ያለበትን አለመግዛት። አንዱ የታመመ መጽሐፍ መደርደሪያውን ሁሉ ያሳምማል።

ሦስተኛ፣ የትምህርት ቤት ወይም የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያለበትን፣ በአግባቡ መወገዱ ካልታወቀ፣ መተው። የሌላ ልጅ መጽሐፍ ለልጃችን አይሆንም።

አራተኛ፣ አሮጌውንና ተሰርቆ የታተመውን መለየት። ጥሩ የሚሸጡ መጻሕፍት ያለ ደራሲው ፈቃድ እየተባዙ ይሸጣሉ። ሽፋኑ የደበዘዘ፣ ጽሑፉ የተንጋደደ፣ አዲስ ሆኖ ዋጋው ያለቅጥ የወረደ ከሆነ መጠርጠር ነው። አሮጌ መጽሐፍ አንድ ጊዜ በሕጋዊ መንገድ ተሽጦ ደራሲው ድርሻውን አግኝቶበታል። ተሰርቆ ከታተመው ግን ምንም አያገኝም፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996ም የተከለከለ ነው።

አምስተኛ፣ የተማሪ መማሪያ መጽሐፍ ሲሆን ዘመኑን ማየት። ሥርዓተ ትምህርቱ ስለ ተለወጠ ከ2015 ዓ.ም. በፊት የታተመው የክፍል መጽሐፍ ለፈተና አያገለግልም። መዝገበ ቃላት፣ ተረት፣ ልብ ወለድና ታሪክ ግን ዘመን አይሽራቸውም።

ከእነዚህ ውጭ አንድ ማሳሰቢያ አለን፤ ይህ ለእኛ ለደብረ ወርቅ ሰዎች በተለይ ነው። እኛ የምንኖረው ጥንታዊ የማርያም ገዳም ባለበት ከተማ ነው። ማኅበሩ መጽሐፍ ይገዛል የሚል ወሬ ሲሰማ የብራና መጽሐፍ በነጠላ ሸፍኖ የሚያመጣልን ሰው ሊኖር ይችላል። የብራና መጽሐፍ አሮጌ መጽሐፍ አይደለም፤ ቅርስ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ከአዋጁም በፊት ሕሊና አለ። በማንኛውም ዋጋ አንገዛም። የመጣበትንም ለሚመለከተው እናሳውቃለን።

ቀጥሎ የደረሰኝ ነገር ነው፤ ሒሳብ ክፍልን እንቅልፍ የሚነሣው ይህ ነው። ሸራ ዘርግቶ የሚሸጥ ልጅ ሕጋዊ ደረሰኝ የለውም። ከለጋሽ ለሚወጣ ገንዘብ ደግሞ ሕጋዊ ደረሰኝ ይጠየቃል፤ መጠየቁም ትክክል ነው። ስለዚህ የምናቀርበው መፍትሔ ኪሱን መለየት ነው። ለጋሾች የሚሰጡት ገንዘብ ደረሰኝ ለሚገኝለት ይዋል፤ ለመደርደሪያው፣ ለአግዳሚ ወንበሩ፣ ለፀሐይ ኃይል መብራቱ፣ ከሕጋዊ መደብር ለሚገዛ አዲስ መጽሐፍ። አሮጌው መጽሐፍ ግን ከአባላት መዋጮ ይገዛ። ለእሱም የክፍያ ሰነድ እናዘጋጃለን፤ የእያንዳንዱ መጽሐፍ ርዕስና ዋጋ፣ ቀኑ፣ የሻጩ ስምና ፊርማ፣ የሁለት ገዢ አባላት ፊርማ። መጻሕፍቱም በንብረት መዝገብ ቁጥር ይሰጣቸዋል።

ገንዘቡ ይበዛል የምትሉ ካላችሁ አብረን እናስላ። አንድ መጽሐፍ በ150 ብር ተገዛ እንበል። 30 አባላት በየተራ ካነበቡት ለአንዷ የሚደርሳት 5 ብር ነው። እያንዳንዷ ሁለት ሁለት ሳምንት ብትይዘው ሁሉንም ለማዳረስ 60 ሳምንት ይፈጃል። በሒሳብ ሥራ ዕቃ በዓመት በዓመት የእርጅና ቅናሽ ይደረግለታል። አሮጌ መጽሐፍ ግን ቅናሹን ሌላ ሰው ቤት ጨርሶ የመጣ ነው፤ ለእኛ የቀረው አገልግሎቱ ብቻ ነው። የአዲስ መጽሐፍ ዋጋ ወረቀቱ ከውጭ ስለሚመጣ ከብሩ ምንዛሪ ጋር እየናረ ነው፤ አሮጌው ወረቀቱ ድሮ የተገዛ ነው። ቀድሞ በየከተማው መጽሐፍ ማስያዣ ተቀብለው በሳንቲም የሚያከራዩ ሱቆች ነበሩ፤ እኛም ለአባል ላልሆነ ሰው እንደዚያ ብናደርግ የጥገናውን ወጪ ይሸፍንልናል።

አሁን ለጋሾቻችን፣ በአክብሮት ስሙን። የላካችሁልንን ሁሉ በምስጋና ተቀብለናል። በካርቶን የሚመጣ መጽሐፍ ግን አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙዎቻችን አናነበውም። ከቋንቋውም በላይ ግን ሌላ ነገር አለ። ካርቶን ሲመጣ የመረጠው ሌላ ሰው ነው። እኛም እንደ ልማዳችን «እግዜር ይስጥልን» ብለን እንቀበላለን። ለሴት ልጅ ሌላው እየመረጠላት መኖር አዲስ ነገር አይደለም፤ ትዳሩም፣ ትምህርቱም፣ ልብሱም ሲመረጥላት የኖረ ነው። ማኅበራችን የተቋቋመው ይህ እንዲቀር ነው። እኚያን እናታችንን ለንባብ ያነሣቸው የመጽሐፉ መልካምነት ብቻ አይመስለንም፤ አገላብጠው፣ ትተው፣ መልሰው፣ ተከራክረው፣ ራሳቸው ማንሣታቸው ነው። በነገራችን ላይ መጽሐፉን አሁን ለጎረቤቶቻቸው ቡና ሲያፈሉ እያነበቡላቸው ነው። ማንበብ የማይችሉ ሁለት አባላት ፊደል አስቆጥሩን ብለው የጠየቁን ከዚያ ቡና ተነሥተው ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በበጀታችን «ልዩ ልዩ» በሚለው ውስጥ የተደበቀው የመጽሐፍ ወጪ በራሱ ስም ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ለማኅበሩ ግዥ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ ሰው በተላከ ቁጥር ሁለት አባላት በተራ አብረው ይሂዱ፤ አንዷ የምታነብ፣ አንዷ ገና የምትማር ትሁን። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለመጽሐፍ ብለን ሰው አንልክም፤ ሰው ሲሄድ መጽሐፍ እናስመጣለን። ሦስተኛ፣ ለሁለቱ ከግዥው በኋላ ግማሽ ቀን ይሰጣቸው። ይህ ግማሽ ቀን በውሎ አበል ውስጥ ይካተት።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ አንዳንዶቻችሁ እንደምታጉረመርሙ እናውቃለን። ግማሽ ቀን ሙሉ መጽሐፍ ለማገላበጥ አበል ይከፈላል ወይ ትሉናላችሁ። አዎን፣ ይከፈላል ነው የምንለው። ክርና መርፌ በዝርዝር ይገዛል፤ መጽሐፍ ግን ጊዜ ይፈልጋል። የተቻኮለች ሴት ከላይ ያለውን አንሥታ ትመጣለች፤ ጥሩው ብዙ ጊዜ ከሥር ነው።

ድምፅ ስትሰጡ ይህን አስቡልን።